ቡፌ ላይ አልቆመም ተብሎ መጫወቻ አይኮነንም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም «ይኼ ያንተ ጉዳይ ነው» ብለው ነው የላኩት። ጸሐፊው ለልጃቸው ለገና የገዙትን ተቀያያሪ ሮቦት ገምግመዋል። ዕቃው ስድስት የግንባታ ማሽኖች ነው። እያንዳንዱ ማሽን ለብቻው ወደ ትንሽ ሮቦት ይቀየራል። ስድስቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ አንድ ትልቅ ሮቦት ይሆናሉ። ጸሐፊው ገጣጥመው ሳሎን ቡፌ ላይ አቆሙት። ሲነጋ ወለሉ ላይ ተዘርሮ፣ አንድ ክንዱ ተሰብሮ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሙሉ ክስ ነው። ፕላስቲኩ እንደ ብስኩት ይሰበራል ይላሉ። ትልቁ ሮቦት አይቆምም። ክንዱን በእግሩ ቦታ ማስገባት ስለማይቻል መገጣጠሙ ማስመሰል ነው። ለልጅ ይከብዳል፣ በመጨረሻ አባት ነው የሚጫወተው። በብሩ በግ ይገዛ ነበር። የጎጃም ልጅ ደግሞ የጭቃ ላምና የሽቦ መኪና አለው፣ ይህ ምን ያደርግለታል? ማሰሪያቸው «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚል ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ሞባይል እጠግናለሁ። የሰፈር ልጆች የተሰበረ መጫወቻ ይዘው ሲመጡ አልመልሳቸውም። ካቻቢቴው አለኝ፣ ማጉያው አለኝ፣ መብራቱ አለኝ። ይህን ዓይነቱን ሮቦት ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። አምና ለገና ለእህቴ ልጅ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ከርሞ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ለጸሐፊው በአክብሮት፣ ግን ሳላለሳልስ መልስ አለኝ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ጸሐፊው «የቻይና ፈጠራ» ብለው አልፈውታል። ገበያችን ላይ ያለው ቻይና የተሠራ ቅጂ ነው፣ እውነት ነው። ሐሳቡ ግን የጃፓን ነው። ታካራ የሚባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች ዳያክሎን የሚል ስም ያላቸው ሮቦቶች ነበሩት። የአሜሪካው ሃስብሮ ከእነዚያ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ ለገበያ አወጣ። በዓመቱ፣ በ1985፣ ስድስቱ ማሽኖች መጡ። ኮንስትራክቲኮን ይባላሉ። ሲገጣጠሙ ስማቸው ዴቫስቴተር ነው። ከትራንስፎርመርስ ተገጣጣሚዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። አረንጓዴና ሐምራዊ ነው። ዶዘሩና እስካቫተሩ ክንድ ይሆናሉ። ሎደሩና ሚክሰሩ እግር። ገልባጩ ወገብ። ክሬኑ ትከሻና ጭንቅላት። ጸሐፊው የገዙት ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ቅጂ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚያው ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ክሱ ልግባ። ፕላስቲኩ ይሰበራል ለሚለው ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። መጥፎ ቅጂ ይሰበራል። ግን «ፕላስቲክ ነው፣ ይሰበራል» ማለት «እንጨት ነው፣ ይነቅዛል» ብሎ ወንበርን ሁሉ እንደ መክሰስ ነው። ዋናው ጥያቄ የትኛው ፕላስቲክ፣ የት ቦታ፣ በምን ምክንያት የሚለው ነው። ጥሩዎቹ የሚሠሩት ኤቢኤስ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። የቲቪ ሪሞት ሽፋን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ይለመጣል፣ ስትነካካው ጠጠር ያለ ድምፅ አለው።

እኔ ዕቃ ሳልገዛ በፊት ሱቁ ውስጥ ቆሜ የማያቸው ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ማጠፊያዎቹ አካባቢ ነጭ መስመር አለ ወይ? ባለቀለም ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ ያ ቦታ ይነጣል። ገና ሳጥኑ ውስጥ ሳለ ከነጣ ቀኑን እየጠበቀ ነው። ሁለተኛ መጋጠሚያውን አሽከርክሬ እሰማለሁ። ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ድምፁ እኩል ከሆነ ጥርሱ ደህና ነው። አንዱ ላይ ከዘለለ አንዱ ጥርስ የለም። ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው። ገልብጬ ቪቴ እፈልጋለሁ። ቪቴ ያለው ዕቃ ይፈታል። የሚፈታ ዕቃ ደግሞ ይጠገናል። ተጣብቆ የተዘጋው አንዴ ከተሰበረ አከተመ። የምንገዛው መጫወቻ ከሆነ ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ እንይ፦ ጀርባው ላይ ቪቴ አለው ወይስ የለውም?

ጸሐፊው ያያያዙትን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የክንዱ ስብራት አጠገብ የብረት ዘንግ ይታያል። ዘንጉ ገብቶ የተቀመጠበት ፕላስቲክ ከሁለት ተከፍሏል። ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣ ስብራት አይደለም። ዘንጉ ለቀዳዳው ወፍሮ በግድ ሲገባ ፕላስቲኩ ከፋብሪካው ተወጥሮ ነው የሚወጣው። መውደቁ ጨረሰው እንጂ አልጀመረውም። ስለዚህ ጸሐፊው በዕድል መጥፎ ፍሬ ደርሷቸዋል። ያንን ሲጽፉ ትክክል ናቸው። «ሁሉም እንዲህ ነው» ሲሉ ግን ትክክል አይደሉም።

ትልቁ ሮቦት አይቆምም የሚለው ክስ ላይ ረዘም ልበል። ምክንያቱም ሰዎች በጣም የተስማሙበት ይህኛው ነው።

ትልቁ ሮቦት ለምን ይወድቃል? ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ነው። ሁለት ማሽን እግር ነው፣ አራቱ ከዚያ በላይ ናቸው። ያን ሁሉ የሚሸከሙት ወገቡ ላይ ያሉት ሁለት መጋጠሚያዎች ናቸው። መጋጠሚያው ላላ ካለ ቀስ እያለ ያዘነብላል። በሌሊት የወደቀውም ለዚህ ነው። ማታ ሲያቆሙት ደህና ነበር። ሌሊቱን በትንሽ በትንሹ ሲያዘነብል አደረ።

ጸሐፊው የገዙት ደግሞ ትልቁን መጠን ነው። በፎቶው ላይ ከቴርሞሱ ይበልጣል። ቅጂ አምራቾች ያንኑ ቅርጽ አስፍተው ማውጣት ይወዳሉ። ትልቅ ነገር ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል። ችግሩ ግን እዚህ ነው። ቁመቱን እጥፍ ብታደርገው ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ይሆናል። የመጋጠሚያው መፋተጊያ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ለትንሹ የበቃው ወገብ ለትልቁ አይበቃም። የእህቴ ልጅ ሮቦት አንድ ስንዝር ተኩል ብትሆን ነው። እንደ ምሰሶ ትቆማለች።

የላላ ወገብ ደግሞ ይጠነክራል። ባለፈው ጥቅምት የጎረቤታችን ልጅ ልክ እንዲህ ያለ አምጥቶልኝ ነበር። ሲያቆሙት ቁጭ ይላል። የወገቡን ሁለት ቪቴ ፈታሁ። ውስጡ የፕላስቲክ ኳስ አለ፣ ኳሱ የሚገባበት ኩባያ መሳይ ነገር አለ። ኳሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት። ከባለቤቴ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ለመንኩና በስሱ ቀባሁት። አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ ሳልገጥመው አሳደርኩት። ሳይደርቅ ቢገጠም ይጣበቃል፣ ያኔ ጭራሽ አይሽከረከርም። በማግስቱ ደገምኩት። በሦስተኛው ቀን ገጥሜ ሳሽከረክረው እጄን ያዝ አደረገኝ። ልጁ መጣ፣ አቆመው፣ እጁን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ትንፋሹን ይዞ ነበር። ቆመ። ያን ልጅ ያየ ሰው «አይቆምም» ብሎ ጽፎ አይተወውም።

ግን ከዚህም በላይ የምለው አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያለኝ ዋና ልዩነትም ይኸው ነው። ጸሐፊው የፈረዱት በትልቁ ሮቦት ብቻ ነው። ገጠሙት፣ አቆሙት፣ ወደቀ፣ አለቀ። ስድስቱን ማሽኖች አንድ በአንድ ያዩበት አንድም አረፍተ ነገር የለም። ልጅ ግን እንዲህ አይጫወትም። የእህቴ ልጅ ትልቁን ሮቦት የሚሠራው በሳምንት አንዴ ቢሆን ነው፣ ያውም እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት። የሌላው ቀን መጫወቻው ስድስቱ ናቸው። እስካቫተሯ ኪሱ ውስጥ ነች። ሱቅ ሲላክም ይዟት ነው የሚሄደው። ክረምት ላይ ከግቢው ቀይ አፈር ቦይ ቆፍሮባታል። ሎደሩ ይዝቃል፣ ገልባጩ ያመላልሳል። ተገጣጣሚ ሮቦት ማለት ስድስት የዘወትር መጫወቻና አንድ የክት መጫወቻ ማለት ነው። የክቱን ብቻ አይቶ ዘወትሩን መርሳት ልክ አይደለም።

እነዚህ ማሽኖች ደግሞ ለልጆቻችን ባዳ አይደሉም። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን አባይ በረሃን የወረደ ልጅ ገልባጭና ሎደር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። እዚያ ታች ያለው የህዳሴ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው በጃፓን ዕርዳታ ተሠርቶ ነው። ባሕር ዳር ያሉት ልጆች ደግሞ አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2024 እስኪመረቅ ድረስ ክሬን ሲያዩ ነው ያደጉት። 380 ሜትር ነው። የእህቴ ልጅ ከአውቶብስ መስኮት ሆኖ «ሲኖ! ዶዘር! ሚክሰር!» እያለ ሲቆጥር ሰምቼዋለሁ። ስማቸውን ከመንገድ ነው የተማረው። እጁ ላይ ያለው መጫወቻም ያንኑ ነው የሚመስለው።

ክንዱን በእግሩ ቦታ ማስገባት አይቻልም፣ ስለዚህ መገጣጠሙ ማስመሰል ነው ያሉት ስሕተት ነው። ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን ደባልቀዋል። ዴቫስቴተር የተሠራው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቦታ እንዲኖረው ተደርጎ ነው። ማለዋወጥ የሚቻልባቸው ተገጣጣሚዎች ከእሱ በኋላ፣ በ1986 ነው የመጡት። እነሱ አምስት አምስት ናቸው። አንዱ ተለቅ ያለ አካል ይሆናል። የቀሩት አራቱ በፈለጉበት፣ ክንድም እግርም ሆነው ይገባሉ። ከአውሮፕላኖች የሚገጣጠመው ሱፔሪየን እንዲህ ነው። ከመኪኖች የሚገጣጠመው ሜናዞርም እንዲሁ። የአንዱን ክንድ ለሌላው እግር ማድረግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 አምራቹ ይህንኑ ሐሳብ ኮምባይነር ዋርስ ብሎ እንደ አዲስ አመጣው። በዚያው ዓመት አዲስ ዴቫስቴተርም ወጣ። ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እሱም ቢሆን ከስድስት ማሽን ነው። ማለዋወጥ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ ባለ አምስቱን ይግዛ። ባለ ስድስቱን ገዝቶ ለምን ባለ አምስት አልሆነም ብሎ መክሰስ ግን ፍርድ አይደለም።

ለልጅ ይከብዳል ለሚለው አጭር መልስ ነው ያለኝ። ለአራት ዓመት ልጅ ከሆነ አዎ፣ ይከብዳል። የጸሐፊው ልጅ አምስት ዓመቱ እንደሆነ ራሳቸው ጽፈዋል። ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን የሁለት ማታ ሥራ ነው። የእህቴን ልጅ አላገዝኩትም። መጀመሪያ ቀን አለቀሰ። በሁለተኛው ቀን ከስድስቱ አራቱን ቀየረ። ዛሬ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁ ይቀይረዋል።

ዕድሜ ካነሳን ጽሑፉ የዘለለውን ከባድ ነገር ላንሳ። የእነዚህ ሮቦቶች ጡጫና ጭንቅላት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው የሚወልቁ ትንንሽ ቁራጮች ናቸው። ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካለ ይህ ጨዋታ አይደለም። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው። ቀላል መለኪያ አለ። የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውሰዱ። ቁራጩ በቱቦው ውስጥ ካለፈ ሕፃን ያንቃል። መብራትና ድምፅ ያለው ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ክዳን እዩት። በቪቴ ካልተዘጋ አትግዙት። ክብ ትንሿ ባትሪ ከተዋጠች የሕፃኑን ጉሮሮ በሰዓታት ውስጥ ታቃጥላለች። መጫወቻ ለሚገመግም ሰው ከቡፌው በፊት የሚቀድመው ይህ ነው።

የበጉን ነገር ደግሞ እንየው። በግ የሚያክል ብር ለመጫወቻ ማውጣት ይከብዳል፣ እኔም አላወጣም። ለእህቴ ልጅ የገዛሁት ትንሿን ነው። ዋጋዋ ለፋሲካ ዶሮ ከምንከፍለው ብዙም አይርቅም። ግን ሌላ መንገድም አለ። በ1985 ማሽኖቹ አንድ ላይ ብቻ ሳይሆን ነጠላ ነጠላቸውንም ይሸጡ ነበር። ልጅ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ለሚቀጥለው በዓል እያለ ነው የሚሞላው። የኛ ሰፈር ልጆች ይህን ሳያውቁ አድርገውታል። አንድ ባለ ሱቅ ስድስቱን ፈትቶ በነጠላ ሲሸጥ አገኙት። ሦስት ቤት ተካፈሉት። ሁለቱ የአንዱ ቤት፣ ሦስቱ የሌላው፣ አንዷ ክሬን ደግሞ የሦስተኛው ቤት ልጅ ናት። ትልቁ ሮቦት የሚቆመው ሦስቱም ሲመጡ ነው። ክሬኑ ያለው ልጅ ታሞ የቀረ ዕለት ጭንቅላት አልነበረውም። ሄደው ጠየቁት፣ አልጋው ላይ ገጣጠሙት። የልጁ እናት «እንደ ወንፈል ነው የሚጠራሩት» አለችኝ። እኔም ከወንፈል ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ።

የመጨረሻው የጭቃ ላምና የሽቦ መኪና ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልቤን ነክተውታል። እኔም የሽቦ መኪና ነድቻለሁ። ጎማው ካለቀ ሲሊፐር በምላጭ ተቆርጦ ይወጣል። መሪው ረጅም ሽቦ ነው፣ ቆመህ ነው የምትነዳው። የጭቃ በሬ ሠርቼ ፀሐይ ላይ አስጥቻለሁ፣ ቀንዱ ሲሰነጠቅ በምራቅ ለስኜዋለሁ። ይህ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ማን ነው አንዱ ሲገባ ሌላው ይውጣ ያለው? ሽቦ ያጠመዘዘ እጅ ማጠፊያ ሲያይ ይገባዋል። እኔ ራሴ ካቻቢቴ የያዝኩት ከዚያ ተነስቼ ነው።

የእህቴ ልጅ ሮቦት ቀኝ ጡጫ ሐምሌ ላይ ጠፋ። ግቢውን ሙሉ ፈለግን። ጎርፍ ወስዶት ይሆናል። ሌላ ልገዛለት አሰብኩ፣ ለብቻው የሚሸጠው ግን የለም። አንድ ቀን ሱቄ መጣና «አጎቴ፣ ቀጭን ሽቦ አለህ?» አለኝ። ሰጠሁት። የለስላሳ ቆርኪ ከኪሱ አወጣ። ጫፎቹን በድንጋይ ወደ ውስጥ ቀጠቀጣቸው። መሐሉን በምስማር በሳው። ሽቦውን አሳልፎ ጫፉን ጠመዘዘና ጡጫው በነበረበት ቀዳዳ አስገባው። ትንሽ ላላበት። ሽቦውን ሌላ ዙር ጠቀለለና ደገመው። ያዘለት። አሁን ሮቦቱ አንድ ሐምራዊ ጡጫና አንድ የቆርኪ ጡጫ አለው። ልጆቹ በቆርኪው ነው የሚለዩት። የተሰበረ ሌላ ሮቦት ያላቸው ሁለት ልጆችም ከእሱ ተምረው ሠርተዋል።

ጸሐፊው ሮቦቱን ሳጥን ውስጥ መልሰው ቁም ሣጥን ላይ እንዳስቀመጡት ጽፈዋል። እንኳን አልጣሉት። እንደኔ ከሆነ ያውርዱት። ስድስቱን ይፈታቱና ለልጃቸው መጀመሪያ ሎደሩንና ገልባጩን ብቻ ይስጡት። የሚቀየር መሆኑን ለጊዜው ይርሱት፣ አፈር ያመላልስባቸው። የተከፈለውን ክንድ ለማጣበቅ ግን አይቸኩሉ። መጀመሪያ ዘንጉን በፒንሳ ያውጡት። ዙሪያውን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ያሳሱት። ያኔ ፕላስቲኩ ሳይወጠር ይቀበለዋል። ሱፐር ግሉው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ስንጥቁ ላይ ብቻ። ቀዳዳው ውስጥ ጠብ እንዳትል።